በጎብኚ ቪዛ ገብተው መቆየት ሲፈልጉ፦ የትኛውን ቀን ነው የሚቆጥሩት?

በጎብኚ ቪዛ ሰው አገር ገብተው ቆይታቸውን ለማራዘም የሚነሡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሰናከሉት ፎርሙ ላይ አይደለም፤ ቀኑ ላይ ነው። ፓስፖርቱን ገልጠው ቪዛው ላይ የተጻፈውን ቀን ያዩና «ገና ብዙ ጊዜ አለኝ» ብለው ይቀመጣሉ። ያ ቀን ግን በብዙ አገሮች የሚናገረው ቪዛውን ይዞ እስከ መቼ ወደ ድንበር መምጣት እንደሚቻል ብቻ ነው። ከገቡ በኋላ ስንት ጊዜ እንደሚቆዩ የሚወስነው ሌላ ቀን ነው፤ የሚጻፈውም ሌላ ቦታ ነው። ለማራዘም የሚያመለክቱትም ይህንኑ ሁለተኛውን ቀን ነው።

አሜሪካ ላይ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። ቢ-2 የሚባለው የጎብኚ ቪዛ ለዓመታት የሚያገለግል ሊሆን ይችላል፤ የመቆያው ጊዜ ግን አይ-94 በሚባለው የመግቢያ መዝገብ ላይ የሰፈረው ብቻ ነው፤ ብዙ ጊዜ ስድስት ወር። ይህ መዝገብ አሁን የሚያዘው በኮምፒውተር ስለሆነ ከጉምሩክና ድንበር ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ በስምና በፓስፖርት ቁጥር ያወጡታል። በገቡ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን አውጥተው ማተም ጥሩ ነው፤ ስም፣ የልደት ቀን ወይም የመግቢያው ዓይነት ተሳስቶ ከሆነ ያኔውኑ ማስታረም ከአምስት ወር በኋላ ከመሯሯጥ ይሻላል። ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። አንደኛ፣ አሜሪካኖች በቁጥር ብቻ ቀን ሲጽፉ ወሩን ያስቀድማሉ፤ 03/04 ማርች 4 እንጂ ኤፕሪል 3 አይደለም። ሁለተኛ፣ ፓስፖርቱ ሊያልቅ የተቃረበ ከሆነ የድንበር ሠራተኛው ስድስት ወሩን ትቶ ቆይታውን ፓስፖርቱ በሚያልቅበት ቀን ላይ ሊቆርጠው ይችላል። በኋላ ፓስፖርት ስላሳደሱ ያ ቀን በራሱ አይገፋም፤ ማራዘሚያ መጠየቅ ግድ ነው።

ካናዳ ውስጥ ድንበር ላይ ሌላ ቀን ካልተሰጠዎት የሚቆጠረው ከገቡበት ቀን ጀምሮ ስድስት ወር ነው። አብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚሠሩበት የሼንገን ቪዛ ደግሞ ሁለቱንም በአንድ ተለጣፊ ላይ ይይዛል፦ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይሠራል የሚለው አለ፣ ለብቻው ደግሞ የቀናት ብዛት አለ። የሚሠራበት ጊዜ 45 ቀን፣ የቀናቱ ብዛት ግን 30 ሊሆን ይችላል። 45ቱን ያዩ ሰዎች በ31ኛው ቀን ሕግ ጥሰው ይገኛሉ። የገቡበትም የወጡበትም ቀን እንደ ሙሉ ቀን ይቆጠራል። ከኦክቶበር 12, 2025 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሥራ ላይ የዋለው የመግቢያና መውጫ መመዝገቢያ ሥርዓት በማህተም ፋንታ ጣት አሻራና የፊት ምስል ይመዘግባል፤ ቀኑንም የሚቆጥረው ኮምፒውተር ስለሆነ «ማህተሙ አይነበብም» የሚለው ዕድል እየጠበበ ነው።

ለመሆኑ መራዘም ይችላል ወይ?

ገንዘብና ወረቀት ከማዘጋጀትዎ በፊት የገቡበት ፈቃድ ጭራሹን የሚራዘም መሆኑን ያጣሩ። አሜሪካ በኢስታ፣ ማለትም ያለ ቪዛ ለ90 ቀን የገባ ሰው ማራዘም አይፈቀድለትም፤ ሆስፒታል መግባትን የመሰለ ድንገተኛ ነገር ከገጠመው እስከ 30 ቀን ድረስ የመውጫ ጊዜ ሊሰጠው ይችላል። አውስትራሊያ ላይ የቪዛውን ፈቃድ ደብዳቤ ያውጡና 8503 የሚል ቁጥር ይፈልጉ። ይህ ቅድመ ሁኔታ ካለ አገር ውስጥ ሆነው ሌላ ቪዛ ማመልከት በመሠረቱ ተዘግቷል፤ የሚነሣው ቪዛው ከተሰጠዎት በኋላ በተፈጠረ ከእርስዎ ቁጥጥር ውጪ በሆነ ከባድ ምክንያት ብቻ ነው። ቁጥሩ ከሌለ ደግሞ እዚያ «ማራዘም» የሚባለው በተግባር አዲስ የጎብኚ ቪዛ መጠየቅ ነው።

ብሪታንያ የተለመደው የጎብኚ ፈቃድ እስከ ስድስት ወር ነው፤ ያነሰ ጊዜ የተሰጠው ሰው ጠቅላላው ስድስት ወር እስኪሞላ ማራዘም ይችላል። ስድስቱን ወር የጨረሰ ተራ ጎብኚ ግን የሚያራዝመው የለውም፤ ለየት የሚሉት በግል ሕክምና ላይ ያሉ ሰዎችንና አንዳንድ ምሁራንን የመሳሰሉ ናቸው። ሼንገን ከሁሉም ጥብቅ ነው። በቪዛ ሕጉ አንቀጽ 33 መሠረት በድንገተኛ አስገዳጅ ሁኔታ ወይም በሰብአዊ ምክንያት ለመውጣት ያልቻለ ሰው ያለ ክፍያ ይራዘምለታል፤ ከባድ የግል ምክንያት ያለው ሰው ደግሞ 30 ዩሮ ከፍሎ ሊራዘምለት ይችላል፣ ግን በባለሥልጣኑ ውሳኔ ነው። «አገሩን ወደድኩት» ምክንያት አይሆንም። ከአንዱ የሼንገን አገር ወደ ሌላው መሄድም ቆጠራውን አያድሰውም፤ በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ 90 ቀን የሚለው ገደብ ለሁሉም አንድ ላይ ነው።

ታይላንድ በተቃራኒው ነገሩን ቀላል አድርጋዋለች፦ በአካባቢዎ ወዳለው የኢሚግሬሽን ቢሮ ሄደው ቲኤም 7 የተባለውን ፎርም ሞልተው፣ ፎቶና የፓስፖርት ኮፒ አያይዘው 1,900 ባት ይከፍላሉ፤ ብዙውን ጊዜ በዚያው ቀን ያልቃል። እዚያ የሚያስመልሰው ነገር ብዙ ጊዜ ቲኤም 30 ነው፤ የሚያርፉበት ቤት ባለቤት እንግዳ መቀበሉን ማሳወቅ አለበት፣ ካላሳወቀ ቢሮው መጀመሪያ ያንን ጨርሱ ይላል።

የአሜሪካው ማመልከቻ

ብዙ ሰው የሚጠይቀው ስለዚህ ስለሆነ ዘርዘር ላድርገው። ፎርሙ አይ-539 ይባላል፤ የሚቀበለው የዜግነትና ኢሚግሬሽን አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ ነው፤ በኦንላይንም በፖስታም ይቀርባል። ከኤፕሪል 1, 2024 ጀምሮ ክፍያው በኦንላይን 420፣ በወረቀት 470 ዶላር ሆኗል፤ ቀደም ሲል ለአሻራ ለብቻው ይከፈል የነበረው ቀርቷል። ባልና ሚስት አብረው ከመጡ አንዱ ዋና አመልካች ሆኖ ሌላው አይ-539ኤ በሚባለው ተጨማሪ ፎርም ይካተታል፤ ከ21 ዓመት በታች የሆኑ ያላገቡ ልጆችም እንዲሁ።

መሥሪያ ቤቱ ራሱ የሚመክረው አይ-94 ከሚያልቅበት ቀን ቢያንስ 45 ቀን አስቀድሞ ማስገባትን ነው። ሕጋዊው ገደብ ግን ማመልከቻው ከማለቂያው ቀን በፊት እጃቸው መግባቱ ነው። እጃቸው መግባቱ ነው የሚቆጠረው፤ ፖስታ ቤት የሰጡበት ቀን አይደለም። በወረቀት የሚልኩ ሰዎች የሚጎዱትም እዚሁ ላይ ነው፦ ጊዜው ያለፈበት የፎርም እትም ከተጠቀሙ፣ ፊርማ ከረሱ ወይም ክፍያው ከተሳሳተ ፖስታው እንዳለ ይመለሳል፤ የተመለሰ ማመልከቻ ደግሞ እንዳልገባ ነው የሚቆጠረው። የፎርሙ እትም ቀን በየገጹ ግርጌ ላይ አለ፤ በላኩበት ዕለት ከድረ ገጹ ጋር ያመሳክሩት። ኦንላይን ማስገባት የሚመረጠው ለርካሽነቱ ብቻ ሳይሆን ደረሰኙ ወዲያው ስለሚመጣም ነው።

አብሮ የሚያያዘው ወረቀት ሦስት ጥያቄ መመለስ አለበት፦ ለምን መቆየት ፈለጉ? ማን ይከፍላል? እንደሚመለሱ ምን ያሳያል? የመጀመሪያውን የሚመልሰው እርስዎ የጻፉት ደብዳቤ ነው፤ ከአንድ ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል። «ከቤተሰብ ጋር ተጨማሪ ጊዜ ለማሳለፍ» ብቻውን ደካማ ነው፤ ቀን ያለው ምክንያት ግን ይጠነክራል፤ የልጅ መውለጃ ቀን፣ ሰርግ፣ የተያዘ የሕክምና ቀጠሮ። ሕክምና ከሆነ የሐኪሙ ደብዳቤ ሕመሙን፣ ሕክምናው የሚፈጀውን ጊዜ፣ በዚያ ጊዜ መጓዝ የማይቻልበትን ምክንያት መጥቀስ አለበት፤ «በክትትል ላይ ናቸው» የሚል ሁለት መስመር አይበቃም። የሚጠይቁት ጊዜም ከምክንያቱ ጋር ይመጣጠን። በአንድ ጊዜ እስከ ስድስት ወር መጠየቅ ይቻላል ማለት ስድስት ወር መጠየቅ አለበት ማለት አይደለም፤ ሰርጉ በሁለት ወር የሚያልቅ ሰው ስድስት ወር ሲጠይቅ መርማሪው የቀረውን አራት ወር ይጠራጠረዋል።

ለገንዘቡ የቅርብ ወራት የባንክ ስቴትመንት ይቀርባል። ማመልከቻው ሊገባ ሳምንት ሲቀረው የገባ ትልቅ ገንዘብ ከየት እንደመጣ ካልተብራራ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል። ወጪውን የሚችለው ልጅ ወይም ዘመድ ከሆነ የእሱ ደብዳቤ ብቻውን አይበቃም፤ የደመወዝ ማስረጃውና የራሱ ስቴትመንት አብረው ይግቡ። ለመመለሱ ደግሞ የመመለሻ ትኬት፣ ከመሥሪያ ቤት የፈቃድ ማራዘሚያ ደብዳቤ፣ የቤት ወይም የንግድ ማስረጃ፣ የጡረታ ደብተር ይጠቅማሉ። በእንግሊዝኛ ያልተጻፈ ሰነድ ሁሉ ከሙሉ ትርጉም ጋር ይቀርባል፤ ተርጓሚውም ትርጉሙ የተሟላና ትክክል መሆኑን፣ እሱም ቋንቋውን የመተርጎም ችሎታ እንዳለው ጽፎ ይፈርምበታል። ግማሹን ተርጉሞ ማህተሙንና የግርጌ ጽሑፉን መተው የተለመደ ስሕተት ነው። ፓስፖርቱ በጠየቁት ጊዜ ሁሉ የጸና መሆን አለበት።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር፦ ደላላ ወይም «ወረቀት ሠሪ» ምክንያት ፈጥሮ እንዲጽፍልዎ አይፍቀዱ። ፈራሚው እርስዎ ነዎት፤ ውሸት ከተገኘ የሚዘጋብዎት ይህ ማራዘሚያ ብቻ ሳይሆን የወደፊቱ ቪዛ ሁሉ ነው።

ውሳኔ እስኪመጣ

በጊዜው ያመለከተ ሰው አይ-94ቱ ቢያልፍም ውሳኔ እስኪሰጠው ድረስ ያለ ፈቃድ የቆየ ተብሎ አይቆጠርበትም። እዚህ ጋ ግን ብዙዎች የማያስተውሉት ወጥመድ አለ። ውሳኔው ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ እስከዚህ ቀን ልቆይ ብለው የጠየቁበት ቀን ራሱ መልስ ሳይመጣ ሊደርስ ይችላል። ያኔ ምርጫው ሁለት ነው፦ ከዚያ ቀን በፊት መውጣት፣ ወይም ከዚያ ቀን በፊት ሁለተኛ ማመልከቻ ከነክፍያው ማስገባት። «መልስ አልመጣምና እየጠበቅሁ ነው» ብሎ መቀመጥ አያዋጣም። እንደ እኔ አስተያየት፣ ሁለተኛ ማመልከቻ የሚያስገድድ ደረጃ ላይ የደረሰ ጎብኚ ሻንጣውን ቢያዘጋጅ ይሻለዋል፤ በሚቀጥለው መግቢያ ላይ ረጅም ቆይታ ራሱ ጥያቄ ያስነሣል።

አይ-94ቱ ካለፈ በኋላ እምቢታ ከመጣ ያለ ፈቃድ የመቆየት ቆጠራ ከውሳኔው ማግስት ይጀምራል። ከ180 ቀን በላይ ቆይቶ የወጣ ሰው ለሦስት ዓመት፣ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ ለአሥር ዓመት እንዳይገባ ይታገዳል። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ምንም ሳያመለክት አይ-94ቱን በአንድ ቀን እንኳ ያሳለፈ ሰው የያዘው ቪዛ ለዓመታት የሚሠራ ቢሆን እንኳ በሕግ ይሰረዛል። ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚቀርብ ማመልከቻ የሚታየው ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት በማስረጃ ሲረጋገጥ ብቻ ነው። ካናዳ በዚህ ረገድ ትሻላለች፦ ፈቃዱ ካለቀ በኋላ ባሉት 90 ቀናት ውስጥ የጎብኚነት ሁኔታን መልሶ ለማግኘት ማመልከት ይቻላል፤ ይፈቀዳል ማለት ግን አይደለም። በጊዜው ለማመልከት የካናዳው ምክር ቢያንስ 30 ቀን ሲቀር ነው፤ ሲፈቀድ የሚሰጠው የጎብኚ መዝገብም ቪዛ ስላልሆነ በእሱ ብቻ ወጥቶ መመለስ አይቻልም።

እየጠበቁ ሳለ ከአገሩ መውጣት በብዙ ቦታ ማመልከቻውን ያፈርሰዋል። ብሪታንያ ላይ ማመልከቻውን ራስዎ እንደተዉት ይቆጠራል። አውስትራሊያ ውስጥ ውሳኔ እስኪመጣ የሚያቆየውን ጊዜያዊ ፈቃድ፣ ብሪጂንግ ቪዛ ኤ፣ የያዘ ሰው ወጥቶ መመለስ አይችልም፤ ለዚያ ከመውጣቱ በፊት ብሪጂንግ ቪዛ ቢ መጠየቅ አለበት። አሜሪካም ከወጡ የሚራዘም ቆይታ የለም። አይ-94ቱ ካለፈ በኋላ ማመልከቻው ገና ሳይወሰን የሚወጡ ከሆነ የማመልከቻውን ደረሰኝ፣ የከፈሉበትን ማስረጃ፣ የመሳፈሪያ ካርዱንና የደረሱበትን አገር የመግቢያ ማህተም ኮፒ አብረው ያስቀምጡ። በሚቀጥለው የቪዛ ቃለ መጠይቅ ላይ ኮምፒውተሩ የሚያሳየው አይ-94ቱ አልፎ መውጣትዎን ነው፤ በጊዜው አመልክተው እንደነበር የማሳየቱ ሥራ የእርስዎ ነው።