የዴሊጌታችንን ወርሃዊ መልዕክት በአማርኛ ሳዘጋጅ የተማርኩት

ሜሪላንድ ውስጥ ሰፈራችንን ወክለው አናፖሊስ ወዳለው የግዛቱ ምክር ቤት ከሚሄዱት ዴሊጌቶች (የታችኛው ምክር ቤት አባላት) የአንዷ ቢሮ በየወሩ ለነዋሪው መልዕክት ያወጣል። የአማርኛውን የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ክፍያ የለውም። ሌላ ካውንቲና ሌላ ግዛት ያላችሁ ወዳጆች "እኛም ብንጀምር እንዴት ነው የሚሠራው?" ስላላችሁኝ አሠራሬን ልንገራችሁ።

የእንግሊዝኛው ቅርጽ የታወቀ ነው። ከላይ ፎቶ። ቀጥሎ "በዚህ ወር ያከናወንኳቸው ተግባራት"። ከዚያ የረቂቅ ሕግ ቁጥር ይደረደራል። የወቅቱ ዝግጅቶችና ማመልከቻዎች የሚመጡት መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ወረቀቱን ለሰው እየሰጠሁ ሲያነብ አጠገቡ ቆሜ አይ ነበር። አብዛኛው ሰው ፎቶውን ገልመጥ ያደርግና ወደ ታች ይወርዳል። ቀን የተጻፈበት ቦታ ሲደርስ ይቆማል። አንዲት እናት መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ "ልጄ፣ ይሄ እኔን ይመለከተኛል? እስከ መቼስ ነው?" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ወረቀቱ ላይ የሚገባው ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ካለው ነው። ከሌለው ቦታ ከተረፈ ብቻ። ዴሊጌቷ ከእነማን ጋር ሪባን እንደቆረጡ እስካሁን ቦታ ተርፎለት አያውቅም።

ስለዚህ ወረቀቱ የሚሄደው ወቅቱን ተከትሎ ነው። እንደ እንግሊዝኛው በአርእስት አልከፍለውም።

ክረምቱ፣ ማለቴ የዚህ አገር ብርድ፣ ሥራ የሚበዛበት ጊዜ ነው። የሜሪላንድ ምክር ቤት ዓመቱን ሙሉ አይሰበሰብም። በጃንዋሪ ሁለተኛው ረቡዕ ይከፈታል፣ 90 ቀን ይሠራል፣ ኤፕሪል ላይ ይዘጋል። በዚያች አጭር ጊዜ 47 ሴናተሮችና 141 ዴሊጌቶች ፊት ከ2,000 በላይ ረቂቆች ይቀርባሉ። ሁሉንም ልጻፍ ብል ማን ያነብልኛል? ከኪራይ፣ ከመንጃ ፈቃድ፣ ከሕፃናት ማቆያ ወይም ከደሞዝ ጋር የሚነካካ ጥቂት እመርጣለሁ። በእያንዳንዱ ጎን ያለበትን ደረጃ እጽፋለሁ፦ ገና ረቂቅ ነው፣ ሁለቱም ምክር ቤቶች አሳልፈውታል፣ ገዥው ፈርመውበታል፣ ሥራ ላይ የሚውለው በዚህ ቀን ነው። የመጨረሻዋን ሐረግ በደማቅ ቀለም ነው የማሳትማት። ኤፕሪል ላይ "ጸደቀ" የተባለ ሕግ ብዙ ጊዜ ሥራ ላይ የሚውለው ጁላይ 1 ወይም ኦክቶበር 1 ነው። ሜይ ላይ አከራዩ ዘንድ ሄዶ "አዲስ ሕግ ወጥቷል" ብሎ የሚከራከር ሰው ከንቱ ይደክማል፣ ቀጥሎ ደግሞ እኛን አያምነንም።

በዚሁ ወቅት "አስተያየት መስጠት ይቻላል" የሚለውን ዝም ብዬ አላልፈውም። ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ረቂቅ ከቀረበ ኮሚቴው ፊት ሕዝብ የሚናገርበት ቀን ይያዝለታል ማለት ይቻላል። ለመናገር ግን በምክር ቤቱ ድረ ገጽ አካውንት ከፍቶ አስቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል። ቀኑ ሲደርስ ሄጄ እናገራለሁ ያለ ሰው በር ላይ ይቀራል። የሚሰጠው ጊዜም ሁለት ሦስት ደቂቃ ቢሆን ነው። የእኛ ሰው ደግሞ ከሰላምታ፣ ከምስጋናና ከታሪክ መጀመር ይወዳል። ጉዳዩ ጋ ሳይደርስ ሰዓቱ ያልቃል። ስለዚህ እንዲህ የሚል ናሙና አያይዛለሁ፦ "ስሜ እገሌ ነው። የምኖረው እዚህ ነው። ይህን ረቂቅ እደግፋለሁ። ምክንያቴ አንድ ነው።" ምክንያቱን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨርሶ የተቀመጠ ሰው ከሁሉ ይሻላል። መሄድ የማይችል በጽሑፍ ማስገባት ይችላል።

አሁን ብዙ ስልክ ወዳስደወለችው ርዕስ ልምጣ። የሜሪላንድ ግዛት ለቤት ግብር ሲል የእያንዳንዱን ቤት ዋጋ በየሦስት ዓመቱ ይገምታል። የአዲሱ ግምት ደብዳቤ በዲሴምበር መጨረሻ ገደማ ፖስታ ሣጥን ውስጥ ይገባል። ሰው የክፍያ ቢል መስሎት ይደነግጣል። ወይም ቢል አለመሆኑን አይቶ ይጥለዋል። መጣሉ ይብሳል፤ ግምቱ በዛ ብሎ ይግባኝ ለማለት ያለው ጊዜ 45 ቀን ነውና።

ከዚያ ጋር የሚሄድ "ሆምስቴድ" የሚባል የግብር ቅናሽ አለ። የሚመለከተው ራሱ ባለቤቱ የሚኖርበትን ቤት ነው። ማመልከቻው የሚሞላው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ገንዘብም አያስከፍልም። ቤት ከገዙ ብዙ ዓመት የሆናቸው፣ ጨርሶ ሳይሞሉ የኖሩ ሰዎች አጋጥመውኛል። ስለ ቅናሹ የእንግሊዝኛው መልዕክት አንድ መስመር ነበረው። እኔ ግን ግማሽ ገጽ ሰጠሁትና በቁጥር አስረዳሁ። ቤታችሁ 400,000 ዶላር ተገምቶ ነበር እንበል። አዲሱ ግምት 550,000 ሆነ። ጭማሪው በሦስት ዓመት ተከፋፍሎ ስለሚገባ በመጀመሪያው ዓመት ግምቱ 450,000 ይደርሳል። ያ የ12.5 በመቶ ጭማሪ ነው። በቅናሹ የግዛቱ የዓመት ጭማሪ ጣሪያ 10 በመቶ ስለሆነ ማመልከቻውን የሞላ ሰው የግዛቱን ግብር የሚከፍለው በ440,000 ነው። ካውንቲዎችና ከተሞች የራሳቸውን ጣሪያ ከዚህም ዝቅ ማድረግ ይችላሉ። ይህች ስሌት ያለችበት ወረቀት ስትወጣ ስልኬ አላረፈም። ሰው ቁጥር አይወድም የሚሉኝን አላምንም። የራሱ ቤት ቁጥር ከሆነ ማን ይጠላል?

የበረዶውን ጉዳይ በአንድ መስመር ነው የምጨርሰው፦ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ በረዶው መውረዱን ካቆመ በ24 ሰዓት ውስጥ ከቤታችሁ ፊት ያለውን የእግረኛ መንገድ መጥረግ ግዴታ ነው።

ተማሪ ያላችሁ ይቺን ልብ በሉ። ሜሪላንድ ውስጥ ሴናተሮችና ዴሊጌቶች ራሳቸው የሚሰጡት ስኮላርሺፕ አለ። ብዙ አገር ቤት ያደገ ወላጅ ይህን ሲሰማ "ዘመድ ያስፈልጋል" ብሎ ይተወዋል። አያስፈልግም። ለሴናተሩ ስኮላርሺፕ የፌዴራሉ የትምህርት ዕርዳታ ቅጽ፣ ፋፍሳ የሚሉት፣ እስከ ማርች 1 መግባት አለበት። ለዴሊጌቱ ደግሞ እያንዳንዱ ቢሮ የራሱ ቅጽና ቀን ስላለው ደውሎ መጠየቅ ነው። እኔ የማርች ወረቀት ላይ አላወጣውም፤ ያኔ አልፏል። የሚወጣው በዲሴምበርና በጃንዋሪ ነው። ሁሉንም ነገር እንዲህ አስቀድሜ ነው የማወጣው። እንግሊዝኛው ብዙ ጊዜ የሚያወጣው በዚያው ወር ነው፤ የእኛ ሰው ግን ሰነድ ለማሰባሰብ፣ የሚያነብለት ልጅ ለመፈለግ፣ ከሁለት ሥራው አንዱን ለመቅረት ጊዜ ይፈልጋል።

ሰመሩ ቀለል ይላል። በኦገስት ከሁለተኛው እሁድ እስከ ቅዳሜ የግዛቱ የሽያጭ ታክስ ለልብስና ለጫማ ይነሳል፣ አንዱ ዕቃ 100 ዶላር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ። የትምህርት ቤት ሰሞን ስለሆነ ይህን ያላነበበ የለም። ኦክቶበር 1 ደግሞ የሁለት የቤት ግብር ቅናሾች ማመልከቻ ማብቂያ ነው፤ አንዱ ገቢያቸው ዝቅ ላለ የቤት ባለቤቶች፣ ሌላው ለተከራዮች። የተከራዩ እስከ 1,000 ዶላር ይደርሳል። ዕድሜያቸው 60 ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ተከራይ እናቶቻችንና አባቶቻችን ማመልከት እንደሚችሉ ስነግራቸው "እኔ ቤት የለኝም፣ ምን የቤት ግብር አለኝ?" ይሉኛል። ግብሩ በኪራዩ ውስጥ ተካቶ እንደምትከፍሉት ይቆጠራል እላቸዋለሁ።

ከሁሉ የከበደኝ ቀኑ አይደለም፣ ጉዳዩ የማን እንደሆነ መለየቱ ነው። "ኪራይ ጨመሩብኝ" የሚል ሰው ዴሊጌቷ ዘንድ ይደውላል። ሞንትጎመሪ ውስጥ የኪራይ ጭማሪን የገደበው ግን የካውንቲው ሕግ ነው። ከጁላይ 23፣ 2024 ጀምሮ ሕጉ የሚመለከታቸው ቤቶች በዓመት ሊጨምሩ የሚችሉት 6 በመቶ ወይም የዋጋ ንረቱ ላይ 3 በመቶ ተደምሮ፣ ከሁለቱ ዝቅ ያለውን ነው። አዳዲስ ሕንፃዎችን አይነካም። እዚያው ካውንቲ ውስጥ ያለችው የታኮማ ፓርክ ከተማ ደግሞ የራሷ የኪራይ ሕግ አላት። የኢሚግሬሽን ጉዳይ ከሆነ የፌዴራል ስለሆነ የሚደወለው ለኮንግረስ ተወካይ ቢሮ ነው። አሁን ከወረቀቱ ጀርባ ሦስት ሣጥን አለ፦ ግዛት፣ ካውንቲ፣ ፌዴራል። በእያንዳንዱ ሥር የጉዳዩ ዓይነትና ስልኩ። ሰው የፊቱን ጥሎ ይቺን ገጽ ፍሪጅ ላይ ይለጥፋል። ቅር አይለኝም።

የማላስገባው ነገርም አለ። "ለእገሌ ምረጡ" አይገባም። የምርጫ ቀን፣ የምዝገባ ማብቂያና የቅድሚያ ድምፅ መስጫ ቦታ ይገባል። የአገር ቤት ፖለቲካም አይገባም፣ በየትኛውም ወገን። አንድ ጊዜ እሱ ከገባ ስለ ሆምስቴድ የሚያነብ አይኖርም።

ጽሑፉን በድምፅም እቀዳዋለሁ። ራይድ የሚነዱ ወንድሞችና እህቶች ተሳፋሪ ሲጠብቁ ይሰሙታል። ድምፁ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም፤ ከዚያ ካለፈ እኔም ራሴ አልሰማውም።

መጀመር የምትፈልጉ፣ መጀመሪያ የወረዳችሁ ተወካይ ማን እንደሆነ በአድራሻችሁ ፈልጉ። ከዚያ ለቢሮው ደውሉና መልዕክታቸውን በአማርኛ ማዘጋጀት እንደምትፈልጉ ንገሯቸው። ከመውጣቱ በፊት ቀንና ቁጥሩን የሚያመሳክርላችሁ አንድ ሠራተኛ እንዲመድቡ ጠይቁ፤ ያለዚያ አትቀበሉ። ሜሪላንድ ከሆናችሁ በጃንዋሪና በኤፕሪል መካከል አትደውሉ። ሜይ ላይ ደውሉ፤ ያኔ ስልክ ያነሳሉ።