"ጓደኛዬ ናት"

ዛሬ ከሱ ጋ መንገድ ላይ የድሮ ባልደረባውን አገኘንና ሊያስተዋውቀኝ ሲል ትንሽ ቆም ብሎ "ጓደኛዬ ናት" አለው። 3 አመት አብረን ሆነን! እጄን ይዞኝ ነበር እኮ፣ ቃሉን ሲናገር ጣቶቹ ላላ ሲሉ ተሰማኝ።

እውነት ለመናገር አማርኛችን እዚህ ጋ ያስቸግራል፣ ጓደኛ ሲባል የክፍል ጓደኛም ፍቅረኛም ሊሆን ይችላል፣ ፍቅረኛዬ ማለት ደሞ ሰው ፊት ያሳፍራል፣ እጮኛዬ እንዳይል ገና ቀለበት የለም፣ ገርልፍሬንዴ ቢል የልጅ ነገር ይመስላል። ባለቤቴ የሚለውን ግን በጣም ነው የምወደው፣ ለባልም ለሚስትም እኩል ይሆናል፣ ደሞ ቤት የሚለው ቃል ውስጡ አለ።

ማታ ደውዬ እንደከፋኝ ነገርኩት። ዝም አለና "ምን ልበልሽ ታዲያ?" አለኝ፣ እኔም መልስ አጣሁ። እናንተ ሰው ፊት ምን ብላችሁ ነው የምታስተዋውቁት?