ስለ ቅጣቱ የረሳሁት ይግባኝ

ጅማ የሕግ ተማሪ ሳለሁ በአንድ ምስለ ችሎት (የተማሪዎች የልምምድ ችሎት) የይግባኝ ባይ ጠበቃ ሆኜ ነበር። ጉዳዩ የፈጠራ ነው። አንድ ወታደር የዓመት ፈቃድ ወስዶ አጋሮ እናቱ ጋ ይሄዳል። እናቱ ይታመማሉ። ልጅየው ፈቃዱ ካለቀ ከ40 ቀን በኋላ በገዛ እግሩ ይመለሳል። ቀዳሚው ወታደራዊ ፍርድ ቤት በኩብለላ፣ ማለትም ከሠራዊቱ በመክዳት፣ ጥፋተኛ ብሎ እስራት ፈረደበት። እኛ የቆምነው ይግባኝ ሰሚው ወታደራዊ ፍርድ ቤት ፊት ነው።

መጀመሪያ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 20(6) እና የመከላከያ ሠራዊት አዋጅ 1100/2011ን ይዤ ስለ ይግባኝ መብት ሁለት ገጽ ሞላሁ። ከንቱ ድካም። መብቱን ማን ካደ?

ነገሩ የተፈታልኝ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር፣ ጎረቤታችን ጋሼ ጋ ቡና ስጠጣ ነው። ጡረታ የወጡ ሃምሳ አለቃ ናቸው። ታሪኩን ሰምተው ስኒውን አስቀመጡና "ልጄ፣ ሻንጣውን ይዞ ነው የወጣው ወይስ ካምፕ ትቶ?" አሉኝ። ቤቴ ሮጥኩ። መዝገቡን ሳገላብጥ ንብረቱ ሁሉ ካምፕ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ኩብለላን ያለፈቃድ ከመቅረት የሚለየው በሐሳቡ ነው፦ ከአገልግሎት ለማምለጥ አስቦ ነው ወይስ አይደለም? ሊያመልጥ ያሰበ ሰው ደግሞ ንብረቱን ትቶ አይሄድም። ሁለቱን ገጽ ቀደድኩና ከሻንጣው ጀመርኩ።

ክርክሩ ጥሩ ሄደልኝ። ሰብሳቢዋ ዳኛ "ጥፋተኝነቱን ብናጸናውስ፣ ስለ ቅጣቱ ምን ትያለሽ?" እስኪሉኝ ድረስ። ዝም አልኩ። የእናቱ ሕመም፣ በራሱ መመለሱ፣ የቀድሞ መልካም ጠባዩ፤ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ቅጣት ማቅለያ የሚሆን ነገር ሞልቶ ነበር። ማመልከቻዬ ላይ ግን አንዱም በዚህ መልኩ አልተጻፈም። ሁሉንም ለጥፋተኝነቱ ክርክር ጨርሼዋለሁ። ጥፋተኝነቱም ቅጣቱም ጸና።

ዛሬ የይግባኝ ማመልከቻ ስጽፍ ከመጨረሻው፣ ከዳኝነት ጥያቄው ነው የምነሳው። በነጻ ይሰናበት፤ ይህ ካልሆነ በቀላሉ አንቀጽ ይቀየርለት፤ ያም ካልሆነ ቅጣቱ ይቀነስለት። "ሰበር ላይ እናነሳዋለን" ማለት አያዋጣም። ሰበር ሰሚ ችሎት፣ የመጨረሻው ችሎት፣ የሚያየው መሠረታዊ የሕግ ስህተትን ነው፣ የሻንጣ ነገር እዚያ አይነሳም።

ማታ ለጋሼ ውጤቱን ነገርኳቸው። የፈጠራ ጉዳይ ነው ብላቸውም አልሰሙኝም። "እናቱስ ዳኑለት?" አሉኝ።