ከሜልበርን ወደ ማውንት ጋምቢየር፦ ለግዛት ኖሚኔሽን እንዴት እንደተዘጋጀን

በአውስትራሊያ ቋሚ መኖሪያ የሚጠባበቁ ባለሙያ ወገኖቼ ሲገናኙ ጨዋታው ሁሉ ነጥብ ነው። ስንት ሞላልሽ፣ እንግሊዝኛው ስንት መጣ፣ ዕድሜሽ ስንት ያስቆጥራል። ነጥብ ያለ ጥርጥር ያስፈልጋል፤ 65 ያልሞላለት ሰው ለቪዛ እንዲያመለክት አይጋበዝም። የግዛት መንግሥት ኖሚኔሽን፣ ማለትም ግዛቱ አመልካቹን ለቪዛ ማጨቱ፣ ግን ከነጥቡ ቀጥሎ ሌላ ጥያቄ ያነሳል፦ እዚህ መጥተሽ በእርግጥ ትኖሪያለሽ ወይ? እኔና ባለቤቴ ይህን ጥያቄ ለራሳችን ሳንመልስ አንድም ቅጽ አልሞላንም፤ በዚህም ዛሬ ድረስ ደስ ይለኛል።

መንገዱን ለማያውቁ በአጭሩ ላስረዳ። ግዛቶች የሚያጩባቸው ሁለት የሙያ ቪዛዎች አሉ። 190 የሚባለው 5 ነጥብ ይጨምራል፤ ሲፈቀድም ወዲያውኑ ቋሚ መኖሪያ ነው። 491 ደግሞ 15 ነጥብ ይጨምራል፤ ነገር ግን የ5 ዓመት ጊዜያዊ ቪዛ ሲሆን ለመኖርም ለመሥራትም ለመማርም ከሲድኒ፣ ከሜልበርንና ከብሪስበን ውጭ መሆን ግድ ይላል። 489 የተባለውን ቪዛ ተክቶ የመጣው በጎርጎርዮሳዊው ኅዳር 2019 ነው። ቪዛው ከተያዘ 3 ዓመት ሲሞላ፣ ሁኔታውን ላሟላ ሰው ወደ ቋሚው 191 የሚያሻግር በር አለው። አዴሌድ፣ ፐርዝ፣ ሆባርትና ዳርዊን ለዚህ ቪዛ የገጠር ክልል ውስጥ እንደሚቆጠሩ ብዙ ሰው አያውቅም።

የእኔ ሒሳብ ይህን ይመስል ነበር። ዕድሜዬ ከ25 እስከ 32 ባለው ክልል ውስጥ ስለነበር 30፤ ዲግሪ 15፤ በአይኤልትስ የእንግሊዝኛ ፈተና በአራቱም ክፍሎች 7 በማምጣቴ 10፤ በአውስትራሊያ ለ2 ዓመት በመማሬ 5፤ በአገር ቤት የሥራ ልምድ 5፤ ባለቤቴ በአራቱም ክፍሎች 6 በማምጣቱ 5። ናቲ የተባለው የአስተርጓሚዎችና የተርጓሚዎች ማረጋገጫ ተቋም የሚሰጠውን የማኅበረሰብ ቋንቋ ፈተና በአማርኛ ወስጄ ሌላ 5 ጨመርኩ። ድምሩ 75 ሆነ። ለሲቪል መሐንዲስነት በ75 ብቻ ተማምኖ መጠበቅ ልብ የሚያደርቅ ነገር ነው፤ 33ኛ ዓመቴ ሲሞላ ደግሞ ከዕድሜ 5 ነጥብ ይቀነሳል። በ491 ግን 90 ይሆናል። ቁጥሩ ወደ ገጠር እየገፋን መሆኑ ግልጽ ነበር።

ከባድ የነበረው ንግግር የተደረገው በቤታችን ውስጥ ነው። በሜልበርን፣ ፉትስክሬይ አካባቢ፣ ወገን አለን፤ ቤተ ክርስቲያናችን ቅርብ ነው፤ ልጃችን ስትታመም ደጃችን ድረስ የሚመጡ እናቶች አሉ። ባለቤቴ ዝም ብሎ ሲያዳምጠኝ ቆየና «ልጃችን አማርኛ ከማን ጋር ታወራለች?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። አሁንም ሙሉ መልስ የለኝም። ሰው ስለ ቪዛ ሲጽፍ ይህን ዓይነቱን ነገር ይዘለዋል፤ እኔ ግን ከእንግሊዝኛው ፈተና በላይ ያስጨነቀኝ እርሱ ነው።

ማውንት ጋምቢየር ከሜልበርንና ከአዴሌድ እኩል ሊባል በሚችል ርቀት ላይ፣ ከእያንዳንዳቸው ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኝ የደቡብ አውስትራሊያ ከተማ ናት። ብሉ ሌክ የሚባለው ሐይቋ እንደ ቢሾፍቱ ሐይቆች በእሳተ ገሞራ አፍ ላይ የተኛ ሲሆን ከተማዋ የምትጠጣው ከእርሱ ነው። ለውሃ መሐንዲስ ይህ ቀልብ የሚስብ ነው፤ በዙሪያዋ ያለው የኖራ ድንጋይ ምድር ውስጥ ለውስጥ የሚያሳልፈው ውሃ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ሆን ብለን በክረምት፣ በሐምሌ ወር ሄደን አየናት። ዝናቡም ብርዱም ነበር። የቤት ኪራይ ጠየቅን፣ የሕፃናት ማቆያ ጎበኘን፣ ሆስፒታሉ የት እንደሆነ አየን። ከዚያ በኋላ በአንድ የውሃ መስመር ሥራ ተቋራጭ ዘንድ ሥራ አገኘሁና ዕቃችንን ጭነን ሄድን። የግዛቱ ዋና መሥፈርት በዚያው እየኖሩ በሙያ መሥራት ስለነበር፣ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ኑሮው መጀመር ነበረበት።

ወረቀቱ ላይ ልቆይ፤ ብዙ ወገኖቼ የሚጎዱት እዚያ ላይ ነውና።

የአገር ቤት የሥራ ልምድ ደብዳቤ ሁላችንም የምናውቀው ነው። ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን፣ በዚህ የሥራ መደብ፣ በወር ይህን ያህል ብር እየተከፈላቸው ሲሠሩ ቆይተው በገዛ ፈቃዳቸው ለቀዋል፤ የሥራ ግብርም ለመንግሥት ገቢ ተደርጓል። ማኅተም፣ ፊርማ፣ አለቀ። ገምጋሚዎች የሚፈልጉት ግን ምን ትሠሪ እንደነበር፣ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ በማን ሥር እንደሆነ ነው። ቀድሞ የሠራሁበት መሥሪያ ቤት «እኅቴ፣ የእኛ ደብዳቤ ይህ ነው፤ ከዚህ የተለየ አንጽፍም» አለኝ። ወንድሜ ቢሮ ለቢሮ እየተመላለሰ በትሕትና ሲለምን ከረመ። በመጨረሻ መደበኛው ደብዳቤ ላይ የሥራ ዝርዝር በአባሪነት እንዲያያዝ ኃላፊው ፈቀዱ። ከዚያ ጋር የደመወዝ መዝገብ፣ የባንክ መግለጫና የጡረታ መዋጮ ማረጋገጫ አሰባሰብን። ከአገር ሊወጣ የሚያስብ ሰው ቢሰማኝ፣ ይህን ሁሉ ሥራውን ሳይለቅና ወንበሩ ለሌላ ሳይሰጥ፣ የሚያውቁት አለቆች እዚያው ሳሉ ይያዝ። የወጪ መጋራት ዕዳ ያለበትም አስቀድሞ ይጨርስ፤ ትራንስክሪፕቱ በዚያ ምክንያት ሊታገት ይችላል።

የዘመን አቆጣጠሩም ትልቅ ጉዳይ ነው። ደብዳቤዬ ከመስከረም 2009 እስከ ነሐሴ 2012 ይላል። ይህን እንደ ጎርጎርዮሳዊ ያነበበ ገምጋሚ በአሥራዎቹ ዕድሜ የነበረች ልጅ መሐንዲስ ሆና ስትሠራ ያያል። ስለዚህ በሁለቱም አቆጣጠር እንዲጻፍ አስደረግሁ። ስምም እንዲሁ ነው፤ ዲግሪው ላይ የአያቴ ስም አለ፣ ደብዳቤው ላይ የለም፣ ፓስፖርቱ ላይ ደግሞ ፊደሉ ተለይቷል። ሁሉም አንድ ሰው መሆናቸውን በመሐላ ቃል አስረዳሁ።

የሙያ ግምገማው ኢንጂነርስ አውስትራሊያ በተባለው የመሐንዲሶች ማኅበር በኩል ነው። ዲግሪዬ በዓለም አቀፍ ስምምነት ከሚታወቁት ውስጥ ስላልሆነ ሦስት የሥራ ታሪኮችን በዝርዝር መጻፍ ነበረብኝ። አንድ ሰው በክፍያ ሊጽፍልኝ ቀረበ፤ «ሁሉም የሚያደርገው ነው» አለ። እምቢ አልኩ። ከሌላ የተቀዳ ጽሑፍ ከተገኘ ማመልከቻው ውድቅ ይሆናል፣ አመልካቹም ለጊዜው ከማመልከት ይታገዳል። ከዚያ በላይ ግን፣ የራሴን ሥራ ሌላ ሰው እንዲተርክልኝ አልፈቀድኩም። የአንዲት ትንሽ ከተማን የውሃ መስመር ከጉድጓዱ እስከ ማጠራቀሚያው ያሰላሁት እኔ ነኝ፤ በመንገድ የሚባክነውን ግፊት፣ የፓምፑን ምርጫ፣ ተቋራጩ ያነሰ ቧንቧ ሊተክል ሲል የተከራከርኩትን አስታውሳለሁ። በአገራችን ሥራን በጋራ መናገር ጨዋነት ነውና የራስን ድርሻ ለይቶ መጻፍ ያሳፍራል። ገምጋሚው ግን የሚፈልገው ያንኑ ነው። ማታ ማታ፣ ልጃችን ስትተኛ፣ የቆዩ ማስታወሻዎቼን እየገለጥኩ ጻፍኩ። ስጨርስ ለሙያዬ ያለኝ ክብር ጨምሮ ነበር።

ወኪል መያዝ የሚሻ ሰው፣ ወኪሉ የስደት ወኪሎችን በሚመዘግበው መሥሪያ ቤት፣ በማራ፣ የተመዘገበ መሆኑን ያጣራ። እኛ ራሳችን ሠራነው።

ደቡብ አውስትራሊያ በቅድሚያ ፍላጎትን ማስመዝገብን ይጠይቃል፤ ሲጋበዙ ዋናው የኖሚኔሽን ማመልከቻ ይከተላል። ጎን ለጎን ስኪልሴሌክት በተባለው የፌዴራሉ መንግሥት የኢንተርኔት መመዝገቢያ የፍላጎት መግለጫ መኖር አለበት፤ እርሱ ለ2 ዓመት ይቆያል፣ እስኪጋበዙም ማስተካከል ይቻላል። የአውስትራሊያ የበጀት ዓመት በጎርጎርዮሳዊው ሐምሌ (ጁላይ) 1 ይጀምራል፤ እያንዳንዱ ግዛት ኮታ ይሰጠዋል፣ መሥፈርቱም ከዓመት ዓመት ይለወጣል። ስለዚህ የዚያኑ ዓመት መመሪያ ከግዛቱ መንግሥት ከራሱ ማንበብ ያስፈልጋል፤ ባለፈው ዓመት የተሳካለት ወዳጅ ምክር ዘንድሮ ላይሠራ ይችላል። እኛ ሐምሌ ሲገባ የኪራይ ውሉ፣ የደመወዝ ወረቀቱ፣ የመኪናው ምዝገባና የልጃችን ማቆያ ደረሰኝ በአንድ ፋይል ተሰድረው ነበር። በማስመዝገቢያው ላይ የተናገርኩት ሁሉ ማስረጃ ነበረው።

ኖሚኔሽኑ ልደቴ ሳይደርስ መጣ። ግብዣው ከደረሰ በኋላ ለቪዛው ማመልከቻ ያለው ጊዜ 60 ቀን ነው፤ ከአገር ቤት የሚመጣው የፖሊስ ማረጋገጫ ብቻውን ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል ወንድሜን አስቀድሜ አስቸግሬው ነበር። የጤና ምርመራውንም አደረግን፤ ማመልከቻው ገብቷል፣ ውሳኔውን እየጠበቅን ነው። ከተፈቀደ ለ191 የ3 ዓመት የግብር ውሳኔ ወረቀት ስለሚጠየቅ ለእርሱ የሚሆን ፋይል ከአሁኑ ከፍቻለሁ። ባለቤቴ በአረጋውያን መንከባከቢያ ሥራ ጀምሯል። እሑድ እሑድ በከተማዋ ካገኘናቸው ሁለት የሐበሻ ቤተሰቦች ጋር ልጆቹን ሰብስበን ፊደል እናስቆጥራለን፤ በሚቀጥለው ወር ሦስተኛ ቤተሰብ ከአዴሌድ ይመጣል፣ ቤት እየፈለግንላቸው ነው።