ጅቡቲ፣ የባላንጣዎች አከራይ

ባቡሩ ደወሌን አልፎ ጅቡቲ ሲገባ ሙቀቱ ከመስኮት ውጭ ይታይ ጀመር። ከአዲስ አበባ 752 ኪሎ ሜትር ነው። ናጋድ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ስለሚል ወዲያው ታክሲ ያዝኩ። ሹፌሩ ሶማሌ ነው፤ አማርኛውን ከእኛ የከባድ መኪና ሹፌሮች ነው የለቀመው። ሙሉ አረፍተ ነገር ሲጠፋው በስድብ ይሞላዋል።

አየር ማረፊያው አጠገብ ስንደርስ በአገጩ የጦር ሰፈሩን አጥር አሳየኝ። "አሜሪካ።" ትንሽ ቆይቶ "ጃፓን እዚህ፣ ፈረንሳይም አለች። ቻይና ወዲያ፣ ወደቡ ጋ።" ሰፈር የሚያስተዋውቀኝ ነበር የሚመስለው። ጣሊያንን ረሳት፤ እሷም አለች።

ፈረንሳይ ከቅኝ ግዛት ዘመን ጀምሮ አልወጣችም። አሜሪካ ከመስከረም 11ዱ ጥቃት በኋላ ካምፕ ሌሞኒዬን ያዘች። የጃፓን የጦር ሰፈር በ2011 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ሰበቡ የሶማሊያ የባሕር ወንበዴዎች ነበሩ። ቻይና በ2017 እ.ኤ.አ. ከአገሯ ውጭ የመጀመሪያውን የጦር ሰፈሯን ዶራሌ ላይ ከፈተች። ሁሉንም የሚስበው የቀይ ባሕር ደቡባዊ መግቢያ የሆነው ጠባብ መተላለፊያ፣ ባብ ኤል መንደብ ነው። የየመን ሁቲዎች መርከብ መምታት ከጀመሩ ወዲህ ደግሞ ቦታው ይበልጥ ተፈላጊ ሆኗል።

ጅቡቲ የተኳረፉ ተከራዮችን በአንድ ግቢ ያስቀመጠች አከራይ ናት። በ2018 እ.ኤ.አ. አሜሪካኖች "ቻይናዎች በሌዘር አብራሪዎቻችንን ጎዱብን" ብለው ከሰሱ፤ ቻይና አስተባበለች፤ ኪራዩ ቀጠለ። ከአሜሪካ ብቻ በዓመት 60 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይገባል። ተንኮል ነው የሚሉ አሉ። ለእኔ ግን ብልጠት ነው፤ ውሃና መሬት የሌላት አገር ያላትን ሸጠች።

ችግሩ አንዱን ስታስቀይም ነው። የኤምሬትሱን የወደብ ኩባንያ ዲፒ ወርልድን በየካቲት 2010 ከዶራሌ ኮንቴነር ተርሚናል አስወጣችው። ኩባንያው ግን በሶማሌላንዱ ወደብ በርበራ ላይ ቀድሞውኑ እግሩን ተክሎ ነበር።

ከዚያ ወደ ፒኬ 12 ወጣሁ፤ የእኛ ሰዎች መኪና የሚያቆሙበት ሰፈር። ከተሳቢው ሥር ምንጣፍ ዘርግተው ሻይ የሚያፈሉ ሹፌሮች ጋ ተቀመጥኩ። አንዱ ሸምገል ያሉ ሰው "አሰብን ነድቼባታለሁ" አሉኝ። ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ በ1990 ሲፈነዳ ጭነቱ ሁሉ ወደዚህ ዞረ፤ ዛሬም ከወጪና ገቢ ንግዳችን ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው።

"ጋሼ፣ አሁን አሰብ ቢከፈት ይሻላል?" አልኳቸው።

"መንገዱ ይቀርባል። ግን በጠብ ከሆነ ማን ይጭናል ልጄ?"

አዲስ አበባ ላይ የባሕር በር ሲነሳ ታሪክና መብት ነው የሚወራው። እዚህ ወረፋ፣ ዲሜሬጅ (የመዘግየት ቅጣት) እና የውጭ ምንዛሪ ነው። በታኅሣሥ 2016 ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ስንፈርም ሞቃዲሾ ተቆጣች፤ ግብፅም ከሶማሊያ ጋር ወታደራዊ ስምምነት ተፈራረመች። በዓመቱ አንካራ ላይ ቱርክ አስታረቀችን። በመሃል ጅቡቲ ደንበኛዋ እንዳይሸሻት የራሷን ታጁራ ወደብ እናንተ አስተዳድሩት አለች። በወቅቱ ይህን ያሉት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ማሕሙድ አሊ ዩሱፍ ከወራት በኋላ የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን ሊቀመንበር ሆኑ።

ፒኬ 12 ላይ ስለ አሰብ ያላወራኝ ሹፌር የለም። ታጁራን ያነሳልኝ ግን አንድም አልነበረም።