እንኳን አደረሳችሁ፤ ስለ ተበተነው የሮክ ባንዳችን

የተከበራችሁ ወዳጆቼና ተከታታዮቼ፣ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ። በዚህ እንቁጣጣሽ የምጽፍላችሁ ብዙዎቻችሁ ስለምትጠይቁኝ የባሕር ዳር የሮክ ባንድ ነው። ባንዱ ፈርሷል፤ ዳግም ይሰባሰባልም ብዬ አላስብም። በጠብ ተበተኑ የሚለው ወሬ ግን እውነት ስላልሆነ፣ አጠገባቸው የነበረ ሰው የሚያውቀውን ቢናገር ተገቢ ነው።

ልጆቹ ሲነሡ የራሳቸው ድራም እንኳ አልነበራቸውም። ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 የመጀመሪያ አልበሙን ካወጣ ወዲህ ሮክና የእኛ ቅኝት አብረው መሄድ እንደሚችሉ ብዙ ወጣት ተረድቶ ነበር፤ እነዚህ ግን ያንን መንገድ ከመድገም ይልቅ በጎጃም አዝማሪ እግር ሥር ቁጭ ብለው መማርን መረጡ። መሰንቆ አንድ የፈረስ ጭራ ክር ብቻ ያለው በመሆኑና አንገቱ ላይ እንደ ጊታር ፍሬት (የድምፁን ቦታ የሚወስን የብረት ዘንግ) ስለሌለው፣ የአዝማሪው ጣት ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው እየተንሸራተተ ያለቅሳል። ሊድ ጊታሪስቱ ይህን ለማግኘት ክሩን በጣቱ ወደ ላይ እየገፋ፣ ድምፁ ፍሬቱ ከወሰነለት ቦታ አልፎ አዝማሪው ዘንድ እስኪደርስ ድረስ ያንኑ አንድ ሐረግ ምሽቱን ሙሉ ይደጋግም ነበር። ዲስቶርሽኑን፣ ማለትም የጊታሩን ድምፅ የሚያሻክረውን መሣሪያ፣ ከፍቶ በአንቺሆዬ ቅኝት ሲጫወት፣ ድራመሩም ከሥሩ የችክችካን የጭፈራ ስልት በከባድ ምት ሲያስገባለት፣ አዳራሹን የሞሉት ተማሪዎች እስክስታ ይውረዱ ወይስ ይዝለሉ ግራ ይገባቸው ነበር። እኔ በዚህች ከተማ ከዚያ የሚበልጥ ሙዚቃ አልሰማሁም።

ታዲያ ለምን አልዘለቁም? በደርግ ዘመን ዋልያስ ባንድ አዲስ አበባ ሒልተን ውስጥ ቋሚ ሥራ ነበረው፤ የሰዓት እላፊው ታዳሚውን ሆቴል ውስጥ ስለሚያስቀረው ሙዚቃው እስኪነጋ ይቀጥል ነበር። ያ ባንድ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ተጉዞ ከአባላቱ ገሚሱ እዚያው ሲቀሩ ተከፈለ። የእኛዎቹ ቋሚ መድረክ ፈጽሞ አልነበራቸውም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ባሕር ዳር ላይ የሰዓት እላፊ ሲጣል ምሽቱ ተዘጋባቸው፤ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደግሞ በራሳቸው ወጪ የቀዱትን ዘፈን የሚለቁበት መንገድ ጠፋ። የቀረው ሠርግ ነበር። ሠርግ የሚበዛው በጥርና በሚያዝያ ነው፤ በዐቢይ ጾም የለም፣ ክረምቱም ባዶ ነው። ጠሪውም ቢሆን የሚፈልገው የታወቀ ዘፈን የሚጫወትለት ኪቦርድና ድምፃዊ እንጂ የራሱን ሥራ ይዞ የሚመጣ ባንድ አይደለም።

ድምፃዊው አዲስ አበባ ለብቻው ሥራ ሲያገኝ ሄደ። ከዳቸው የሚሉትን አልቀበልም፤ ቤተሰብ የሚጠብቀው ወጣት ነው፣ ጓደኞቹም መርቀው ሸኝተውታል። ይልቅ የሚያሳዝነኝ፣ ሙዚቃ ስንሰማ የዘፋኙን ስም ብቻ ይዘን ቤዙን የመታውን፣ ድራሙን የያዘውን የማንጠይቅ አድማጮች መሆናችን ነው። ባንድ እንደ ባንድ የሚከበርበት ልማድ ቢኖረን ኖሮ፣ ሌላ ድምፃዊ ፈልገው እስኪያገኙ የሚጠብቃቸው ሰው ባላጡ ነበር።

ዛሬ ቤዝ ጊታሪስቱ ለሰፈር ልጆች ጊታር ያስተምራል፤ ሊድ ጊታሪስቱ ሠርግ ይሠራል። ከዘፈኖቻቸው አብዛኞቹ በስቱዲዮ አልተቀዱም፤ ያሉት በታዳሚዎች ስልክ ውስጥ ነው። ስለዚህ ለዚህ በዓል የምለምናችሁ አንድ ነገር አለ፦ በእነዚያ ምሽቶች አዳራሽ ውስጥ የነበራችሁ ሁሉ የቆዩ ስልኮቻችሁንና ሚሞሪ ካርዶቻችሁን ፈትሹልኝ፤ ድምፁ ቢቆራረጥም ላኩልኝ። አሰባስቤ ለአራቱም የባንዱ አባላት አደርስላቸዋለሁ።

ለሀገራችን ሰላም፣ ለቤታችሁ ጤናና በረከት ይሁን። መልካም አዲስ ዓመት!