ጓንቱን አውልቄ ባትሪ ያዝኩ

ሰላም ናችሁ፣ ከጠፋሁ ቆየሁ አይደል። ስራ ቀይሬ ነው፣ ማለቴ ከተማው ያው አዳማ ነው፣ ነገሩም ያው ቧንቧ ነው፣ ግን ሰባት አመት በበያጅነት ከሰራሁ በኋላ አሁን ኪውሲ እየተማርኩ ነው፣ የቧንቧ ጥራት ተቆጣጣሪ ማለት ነው፣ አራተኛ ወሬን ይዣለሁ። እናቴ እስካሁን አልገባትም። "ታዲያ አንተ ሌላው የሰራውን ልታይ ነው ደሞዝ የሚከፍሉህ?" ትለኛለች፣ አዎ እማዬ ለማየት ነው እላታለሁ።

እውነትም መጀመሪያ የተፈተነው አይኔ ነው። ከ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ደቃቅ ፊደል አንብብ፣ ቀለም ለይ ተባልኩ፣ የፊደሉ ንባብ ደግሞ በየአመቱ ይደገማል። እኔ ደሞ ስንቴ አርክ፣ የብየዳው ብርሃን፣ አይኔን መቶኝ ድንች ከትፌ አይኔ ላይ አድርጌ ያደርኩ ሰው ነኝ፣ በቃ እዚሁ ወደቅኩ ብዬ ነበር፣ ተመስገን አለፍኩ።

ከዛ ወደ ብየዳው እንሄዳለን ስል ወረቀት ውስጥ ገባን። የሚያሰለጥኑኝ ሰው ሸምገል ያሉ ናቸው፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ጆይንት፣ የተበየደ መጋጠሚያ ማለት ነው፣ አላሳዩኝም። ቧንቧው ላይ የተመታውን ሂት ነምበር፣ ማለት ብረቱ የቀለጠበትን ዙር ቁጥር፣ ከፋብሪካው ሰርተፍኬት ጋር አመሳክር፣ የበያጁን ቁጥር ድሮዊንጉ ላይ ካለው ጆይንት ጋር አያይዝ፣ ምናምን። አንድ ቀን ይሄን 6 ኢንች ቧንቧ ለካው አሉኝ፣ የውጪውን ስለካው 168.3 ሚሊ ሜትር መጣ። 6 ኢንች እኮ 152.4 ነው። ውስጡን ስለካው ወደ 154። "ጋሼ ተሳስተው ነው የላኩት" አልኳቸው በኩራት። "ስድስቱ የት አለ ታዲያ?" አሉኝ፣ ዝም ስል "ስሙ ላይ" ብለው ሳቁብኝ። ለካ እስከ 12 ኢንች ድረስ ስሙና ልኩ አይገናኝም፣ የውጪው ልክ ከስሙ ጋር እኩል የሚሆነው ከ14 ኢንች ጀምሮ ነው። ሰባት አመት ሙሉ 6 ኢንች በየድኩ ስል የኖርኩትን ነገር አንድ ቀን ለክቼው አላውቅም ማለት ነው።

ፔኔትራንት ቴስት፣ ስንጥቅን በቀለም የሚያሳየውን ምርመራ፣ ግን ወደድኩት። ጆይንቱን ታጸዳለህ፣ ቀዩን ቀለም ትቀባለህ፣ ቢያንስ 5 ደቂቃ ትተወዋለህ፣ ትጠርገዋለህ፣ ነጩን ዴቨሎፐር ትነፋበትና እንደገና ቢያንስ 10 ደቂቃ ትጠብቃለህ፣ ስንጥቅ ካለ ቀዩ ከውስጥ እየደማ ይወጣል። ቡናም ካልሰከነ አይጠጣም አይደል፣ እንደዛ ነው። መጀመሪያ ቀን ስጠርግ ክሊነሩን ቀጥታ ጆይንቱ ላይ ነፋሁበትና ጋሼ ጮኹብኝ፣ ጨርቁ ላይ ነው የሚነፋው፣ አለበለዚያ ስንጥቁ ውስጥ የገባውንም ቀለም ታጥበዋለህ፣ ከዛ በሽተኛውን ጤነኛ ነው ብለህ ትፈርማለህ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ይሄን ስጽፍ ራሱ ደስ አላለኝም።

አዳማን የሚያውቅ ነፋሷን ያውቃል። ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ የቆሙትን የነፋስ ማማዎች አይታችኋል፣ አዳማ አንድ 51 ሜጋ ዋት፣ አዳማ ሁለት 153 ሜጋ ዋት ነው። አገር መብራት የሚያገኝበት ነፋስ ለኛ ጠላታችን ነው። ቲግ በሚባለው የብየዳ አይነት ስትበይድ የቀለጠውን ብረት ከአየር የሚከልለው አርገን የሚባል ጋዝ ነው፣ ነፋስ መጥቶ አርገኑን ከገፈፈው አየር ይገባና ብረቱ ሲረጋ ውስጡ ቀዳዳ በቀዳዳ ይሆናል፣ እንጀራ አይን እንደሚያወጣው በሉት። ምጣድ ላይ ሲሆን ያስመሰግናል፣ ቧንቧ ላይ ሪጀክት ነው። ለዛ ነው በሸራ ከልለን የምንበይደው።

አንድ ከሰአት ፊት አፕ ላይ፣ ቧንቧዎቹ ከመበየዳቸው በፊት ገጥመው ሲታዩ ማለት ነው፣ ጠሩኝ። በያጁ ፓይፕ ብየዳ ያስተማረኝ ልጅ ነው፣ ልጅ ልበለው እንጂ በአምስት አመት ይበልጠኛል፣ ትልቅ ወንድሜ በሉት። ክፍተቱን ለካሁ ልክ ነው፣ የሁለቱን ቧንቧ መበላለጥ ለካሁ ልክ ነው፣ ሸራው ግን ገና ከስቶር አልመጣም። "ነፋሱ እኮ በረድ ብሏል፣ ሩቱን በሩብ ሰአት ጨርሼልህ እወጣለሁ" አለኝ፣ ሩት የመጀመሪያው የውስጥ ብየዳ ነው። እኔ በዛች ሰአት የያዝኩት ወረቀት እንዳይበርብኝ በክርኔ ተጭኜዋለሁ። በረድ አላለም። አወቅኩት። ፈረምኩ።

ካፑ፣ የላይኛው ብየዳ፣ ሲያልቅ ደሞ ሲያምር! ባትሪ አብርቼ በመለኪያው ዞርኩት፣ አንደርከቱ፣ ማለት ብየዳው ጠርዝ ላይ የሚቀረው ጎድጓዳ፣ ከ1 ሚሊ የማይደርስ፣ አንድ የሚነካ ነገር የለውም፣ ቪዥዋል፣ የአይን ምርመራው፣ አለፈ ብዬ እሱንም ፈረምኩ። የምንሰራው በአሜሪካኖቹ ቢ31.3 ኮድ ነው፣ በኛ አይነቱ ተራ መስመር ላይ ቢያንስ ከጆይንቶቹ 5 ፐርሰንቱ በራጅ ይታያል። የራጅ ቡድኑ ከአዲስ አበባ መጥቶ ማታ ሰው ከሳይቱ ከወጣ በኋላ አካባቢውን በገመድ ከልሎ አነሳ፣ እንዳጋጣሚ ከተመረጡት አንዱ ያ ጆይንት ነበር። ጠዋት ፊልሙን መብራት ላይ አድርገን ሳየው ሩቱ ላይ ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ ተደርድሯል። ብረት የጎደለበት ቦታ ፊልም ላይ ጥቁር ሆኖ ነው የሚወጣው።

ነገሩ ደሞ በአንድ ጆይንት አያልቅም። አንድ ሲወድቅ ከዛው በያጅ ስራ ሌላ ሁለት ይታያል፣ ከነሱም አንዱ ከወደቀ እንደገና ሁለት ይጨመራል፣ እንዲህ እያለ ሁሉም እስኪታይ ሊሄድ ይችላል። ከሁለቱ አንዱ ወደቀ፣ ቀጥሎ የታዩት ሁለቱ ንጹህ ሆኑና እዛ ላይ ቆመ፣ የወደቁት ተቆርጠው በድጋሚ ተበየዱ። ያን ቀን ነው በያጁ "ያንተም ፊርማ እኮ አለበት" ያለኝ፣ ሳይቆጣ፣ ቀስ ብሎ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ጋሼ ደግሞ ሪፖርቱን ስጽፍ ከኋላዬ ቆመው "ሸራ አልነበረም በል፣ እያወቅኩ አሳለፍኩ በል" አሉኝ፣ ጻፍኩት፣ እጄ ግን ተንቀጥቅጧል።

በነጋታው ምሳ ላይ በያጁ ሁሌ አብረን ከምንበላበት የሽሮ ትሪ ተነስቶ ሌላ ትሪ ላይ ተቀመጠ። ሰላምታው ከቀናት በኋላ ተመለሰ፣ ወሬው ግን አልተመለሰም።

ከሶስት ሳምንት በኋላ ሃይድሮ ቴስት፣ የውሃ ግፊት ፍተሻው፣ ደረሰ። መስመሩ የተሰራው ለ10 ባር ነው፣ ስለዚህ አንድ ተኩል እጥፍ፣ 15 ባር ይጫናል። ከታች ውሃ እየሞላን ከላይ በቬንቱ፣ በማስተንፈሻው፣ አየሩን አስወጣን፣ ውሃ ብዙ አይታመቅም፣ የታመቀ አየር ግን እንደ ስፕሪንግ ነው፣ ቧንቧ ከፈነዳ ሰው ይገላል። የግፊት ጌጁ 15 ላይ ሲቆም ቢያንስ 10 ደቂቃ ይያዛል፣ ሁሉም ጆይንት አንድ በአንድ ይታያል። ባትሪዬን ይዤ ዞርኩ፣ የሱን ሁለቱን ጆይንቶች በእጄ ዳበስኳቸው፣ ደረቅ። መጨረሻ ላይ አንድ ፍላንጅ፣ በቡሎን የሚታሰር መጋጠሚያ፣ ጠብ፣ ጠብ። አንዱ ልጅ ቁልፍ ይዞ ሊያጠብቅ ሲሮጥ "አትንካው! መጀመሪያ ፕሬዠሩ ይውረድ!" ብዬ ጮህኩ፣ ድምፄ የጋሼን መሰለ መሰለኝ።

ከኋላዬ "ይሄንንስ በያጁ ነው ያበላሸው?" የሚል የሱን ድምፅ ሰማሁ።

"አይ፣ ይሄ ጋስኬት ነው" አልኩት፣ በፍላንጁ መሃል የሚገባው ማሸጊያ።

"ጻፈዋ ታዲያ" አለኝ፣ ባትሪውን ከእጄ ተቀብሎ እስክጽፍ አበራልኝ።

ምሳ ላይ ትሪያችን ላይ ተመልሶ ነበር፣ እኔ ፎርሙን ሞልቼ እስክመጣ ግን ሽሮው አልቋል።